የወንድሜ ልጅ እርሻ



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ኡልፓን ወይም ስለ ቤት መግዣ ማሽካንታ ሳይሆን ስለ አንድ የስልክ ጨዋታ ነው። «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለውና ይጻፋል?» የሚል አይጠፋም። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚሁ እል ነበር። በመምህራንና በወላጆች መካከል የማስማማት ሥራ፣ እዚህ «ሜጋሼሬት» የሚሉትን፣ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ። ስለ ልጁ ስልክ ለሚጠይቀኝ ወላጅ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፤ «ይውሰዱበትና ይቆልፉበት፤ ሁለት ቀን ያለቅስና ይረሳዋል» እል ነበር። ይህንኑ ምክር ለገዛ ወንድሜ በሰጠሁ ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ።

እኔ ከእናቴ ጋር እስራኤል የገባሁት በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ዕድሜዬ 13 ነበር። ታላቅ ወንድሜ ግን ትዳር ይዞ ስለነበርና የሚስቱ ወገኖች ስላልተፈቀደላቸው እዚያው ቀረ። ኋላ ተራቸው ሊደርስ ነው ሲባል በሬዎቹን ሸጦ ከገጠር ወጣና ጎንደር ከተማ ገብቶ ይጠብቅ ጀመር። ዘንድሮ፣ ለከርሞ እያለ ከ20 ዓመት በላይ ጠበቀ። የመጨረሻ ልጁም የተወለደው እዚያው ከተማ፣ በኪራይ ቤት ውስጥ ነው። በ2021 መጀመሪያ ላይ ከነቤተሰቡ ገባና በአንድ መርከዝ ቅሊጣ ሁለት ክፍል ተሰጣቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ይህ የመጨረሻ ልጅ አባቱ ሲያርስ አይቶ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው አባት ጎንደር ላይ ድንጋይ ሲሸከም የሚውል፣ እዚህ ደግሞ በአትክልት ማሸጊያ ቤት በሌሊት ፈረቃ ቆሞ ሌላ ሰው የዘራውን ካሮት በከረጢት የሚሞላ አባት ነው።

በ2022 በብርዱ ወራት አንድ ቀን ማለዳ ወንድሜ ከሥራ እንደተመለሰ ደወለልኝ።

«ልጁ ከእጄ ወጣ» አለኝ። «ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ጥጉን ይይዛል፣ ስልኩ ላይ ይደፋል። ስጠራው አይሰማም። እንግዳ ሲገባ አይነሣም። ና ስለው ‹ቆይ› ይለኛል። አባቱን ‹ቆይ›!»

ስልኩ የሴት ልጄ አሮጌ ስልክ ነው። ጨዋታውንም ገዝታ የጫነችለት እሷው ናት። ጥፋቱ ከእኔ ቤት የተነሣ መሰለኝና አፍሬ፣ ያችኑ የለመድኳትን ምክር ቶሎ ብዬ ሰጠሁት። እሱም ስልኩን ወስዶ በሻንጣ ቆለፈበት።

ልጁ አላለቀሰም። ቢያለቅስ ኖሮ ምክሬ ልክ በሆነ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ ሁለት ቀን እህል በአፉ አልዞረም፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት አልሄድም አለ። «ጩኸቱን እችለው ነበር፣ ዝምታው ነው ያስፈራኝ» አለኝ ወንድሜ። ዓርብ ጧት ሥራዬን አስፈቅጄ ሄድኩ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ብዙ ከለመንኩት በኋላ እንዲህ አለኝ፦ «አክስቴ፣ ስንዴዬ ደርሶ ነበር። ነገ አጭደዋለሁ ስል ነው የወሰዱብኝ።»

ከከተማ ወጥቶ የማያውቅ የ10 ዓመት ልጅ «ስንዴዬ» ሲል አእምሮው የተነካ መስሎኝ ደነገጥኩ። አባትየው የሌሊት ፈረቃ ውሎ ተኝቶ ነበርና ቁልፉን ከእናቱ ተቀብዬ ስልኩን አወጣሁና «እስቲ አሳየኝ» አልኩት።

ጨዋታው «ስታርዲው ቫሊ» ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በትልቅ ከተማ፣ በትልቅ ኩባንያ ውስጥ ተቀምጦ ሲሠራ ኑሮ ይመርረዋል። አያቱ ሲሞት የሰጠው የታሸገ ደብዳቤ ነበረውና ይከፍተዋል። ደብዳቤው አንድ የቆየ እርሻ እንዳወረሰው ይነግረዋል። ተነሥቶ ወደዚያ ሰፈር ይሄዳል፤ ሲደርስ መሬቱ ድንጋይና ቁጥቋጦ ውጦታል። ከመንደሩ ሹም 15 ፍሬ ዘር ይሰጠውና ይጀምራል። ይመነጥራል፣ ይቆፍራል፣ ይዘራል፣ በየቀኑ ውኃ ያጠጣል። ያመረተውን ይሸጥና ዶሮ ይገዛል፣ ቆይቶም ላም። ወሩ 28 ቀን ነው፤ አራት ወቅት ሲያልፍ አንድ ዓመት ይሞላል። ወቅቱ ካለፈበት ሰብሉ ይደርቃል። ማስፈራሪያ ካላቆመ ቁራ ይበላዋል። ከእኩለ ሌሊት በጣም አሳልፎ ካመሸ ወድቆ ይገኛል። የመንደሩን ሰዎች በየስማቸው ያውቃቸዋል፣ ያነጋግራቸዋል፣ በልደታቸው ቀን ስጦታ ይዞ ይሄዳል፤ እነሱም ቀስ በቀስ ይለምዱታል። የሚያስቸኩለው ጠላት የለም፤ ተሸነፍክ ብሎ የሚያባርረውም የለም።

ልጁ ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ። አንድ ሰዓት! አስተማሪዋ «ጸጥተኛ ልጅ ነው» ብላ የጻፈችለት ልጅ ነው ይህ። ክፍል ውስጥ አፉን ሲከፍት ዕብራይስጡ ላይ ስለሚስቁበት ከመናገር መተዉን ይሻላል ብሎ እንደተወ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ጨዋታው በዕብራይስጥ አልተዘጋጀም፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ እሱም የክፍል ጓደኞቹም እኩል አያውቁትም። በሥዕሉና በልምድ እየተመራ ነው የገባው። የመንደሩ ሰው ሁሉ ሰላም ሲለው በአነጋገሩ የሚስቅበት የለም።

ውድ አንባብያን፣ ሳልዋሽ ልናገርና፣ እኔም ከዚያ በኋላ ጨዋታውን በራሴ ስልክ ጭኜ አንድ ሳምንት ሌሊት ሌሊት ተጫወትኩት። ምን እንደሚስብ የገባኝም ያኔ ነው። የአዲስ መጤን ኑሮ ታውቁታላችሁ። ከባንክ የመጣው ደብዳቤ አይነበብም። ቢሮ ሄዳችሁ ቁጥር ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ተራችሁ ሲደርስ «ይህ ወረቀት ይጎድላል» ትባላላችሁ። ወሩን ሙሉ ሠርታችሁ የደመወዙ ወረቀት ላይ የተቀነሰው ለምን እንደተቀነሰ የሚያስረዳ አታገኙም። ልፋትና ፍሬ እንዲህ ተለያይተው ሲኖሩ ሰው የሚደክመው ጉልበቱ ብቻ አይደለም። እዚያች ትንሽ መሬት ላይ ግን ዛሬ የዘራሁት መቼ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ካጠጣሁት ይበቅላል። ካላጠጣሁት ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነገ አስተካክለዋለሁ።

ይህን ሳስብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እንደመጣን ሰሞን የምንኖረው በካራቫን ነበር። እናቴ ከየትም ለቅማ ያመጣቻቸውን የዘይትና የወይራ ቆርቆሮዎች አፈር ሞልታ በካራቫኑ ጎን ደረደረቻቸው፤ ጤና አዳምና ጎመን ተከለችባቸው። ኡልፓን ሄዳ ፊደሉ እምቢ ብሏት ስትመለስ በሩ ላይ ቦርሳዋን ጥላ በቀጥታ ወደ ቆርቆሮዎቿ ትሄድ ነበር። ሳትገባ፣ ሻይ ሳትጠጣ። እኔ ግን ጓደኞቼ እንዳያዩብኝ አፍር ነበር። አንድ ቀን «ጎመን እኮ በሱፐር ይሸጣል» አልኳት። «ይሸጥ» አለችኝና ማጠጣቷን ቀጠለች። ያኔ ተከራክሬያት ባልሆነ!

እነዚህን ጨዋታዎች የፈጠሯቸውን ሰዎች ታሪክ ደግሞ ልጄ ነገረችኝ፤ እኔም ፈልጌ አነበብኩት። የእርሻ ጨዋታዎች አባት የሚባለው በ1996 በጃፓን የወጣው፣ በእንግሊዝኛ «ሃርቨስት ሙን» የተባለው ነው። የሠራው ያሱሂሮ ዋዳ በደቡብ ጃፓን፣ በኪዩሹ ደሴት ገጠር ያደገ ሰው ነው። ቶኪዮ ገብቶ ሲሠራ ድሮ የሸሸው የገጠር ኑሮ ይናፍቀው ጀመር። ሌላው «አኒማል ክሮሲንግ» ነው፤ በ2001 በጃፓን የወጣ ሲሆን፣ ተጫዋቹ በአንዲት መንደር ውስጥ ከጎረቤቶቹ ጋር እየተጨዋወተ ይኖራል። ከሠሪዎቹ ዋናው ካትሱያ ኤጉቺ ለሥራ ብሎ ከቺባ ወደ ኪዮቶ ሲዛወር ቤተሰቡንና ጓደኞቹን ትቶ ነበር፤ ብቸኝነቱ ነው ያንን መንደር ያሠራው። በ2000 የወጣውን፣ ቤት እየሠሩ ቤተሰብ የሚያኖሩበትን «ዘ ሲምስ» የፈጠረው አሜሪካዊው ዊል ራይትም በ1991 በኦክላንድ በተነሣው ታላቅ ቃጠሎ ቤቱ ከነንብረቱ ነድዶበት ኑሮውን ከዜሮ ሲጀምር ነው ሐሳቡ የጎለበተለት። እኔ አንድ ሻንጣ እንኳ ሳልይዝ አውሮፕላን በገባሁበት ዓመት መሆኑ ነው።

የወንድሜ ልጅ የሚጫወተውን ስታርዲው ቫሊን ደግሞ የሠራው ኤሪክ ባሮን የሚባል አንድ አሜሪካዊ ወጣት ነው። በ2011 ኮምፒውተር ተምሮ ተመርቆ ሥራ አጣ። በትያትር ቤት በአስተናጋጅነት እየሠራ አራት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ብቻውን ደከመ፤ ሥዕሉንም ዜማውንም ታሪኩንም ራሱ ሠርቶ በ2016 አወጣው። ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። እንግዲህ ከአገሩ የራቀ፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ሥራ ያጣ፤ ሠሪዎቹ እነዚህ ከሆኑ የእኛ ልጆች ቢወዷቸው ምን ይደንቃል?

ወደ ወንድሜ ቤት ልመለስ። ስልኩን ሳላስፈቅድ ማውጣቴ አልቀረልኝም። ወንድሜ ነቅቶ ሲያየን «ቆልፍ ያልሽኝም አንቺ፣ የከፈትሽውም አንቺ?» አለኝ። እውነቱን ነው። «ጋሼ፣ ተሳስቼ ነው፤ አንቱም ሰንበት ሲወጣ ቁጭ ይበሉና ይዩለት፤ ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉ» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ሰንበትን እነሱ ዘንድ ዋልኩ።

ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ ቡናው ሲቀርብ ልጁ ፈራ ተባ እያለ ከአባቱ ጎን ተቀመጠና ስልኩን ከፈተ። ወንድሜ መነጽሩን አደረገ።

«ይህ መሬት የማን ነው?»

«የእኔ ነው አባ። አያቴ ነው ያወረሰኝ።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረና «አያቱ ርስት ነበረው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ልጁ ግን አልገባውም። አባቶቻችን እኮ ቤተ እስራኤል በመሆናቸው ርስት ተነፍገው ስንት ዘመን በሰው መሬት ላይ በጭሰኝነት ኖረዋል! ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው፣ ጥበብ ሸምነው ያደሩትም ለዚሁ ነው። አባታችን የራሱ የሚለውን መሬት ያረሰው በ1975፣ በእኛ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከወጣ ወዲህ ነው። ወንድሜ ይህን ለልጁ ማስረዳት ጀመረ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከዚያ ወደ እርሻው ተመለሱ።

«አንድ ጊዜ ቆፍረህ ነው የምትዘራው?»

«አዎ።»

«ሳትደግመው? ሳታለሰልሰው? ስንት ቀን ነው የሚቆየው ስንዴው?»

«አራት ቀን።»

«አራት ቀን! እኛ ሞኞቹ ስንት ወር ስንጠብቅ!» አለና፣ «በሬዎችህስ የት ናቸው?» ብሎ ጠየቀ።

«በሬ የለም አባ። ላም አለ፣ ዶሮ አለ፣ በግም ፍየልም አለ። በሬ የለም።»

«ታዲያ በምን ታርሳለህ?»

«በዶማ።»

«እንግዲያማ ገበሬ አይደለህም፣ ቆፋሪ ነህ!»

ልጁ ሲስቅ ከአገር ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ወንድሜ ግን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ትንሽ አሰበ። «እንዲህ ሰው ሁሉ ሰላም የሚልህ ከሆነ፣ ስጦታም የምትወስድላቸው ከሆነ፣ አጨዳ ሲደርስ ወንፈል የሚገባህ አንድ ጎረቤት የለም?» አለው። ልጁ ወንፈል ምን እንደሆነ አያውቅም። ቃሉን ሰምቶት አያውቅም! ወንድሜ ዛሬ እኔ ለአንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ እየተባባሉ እንደሚታጨድ፣ ደቦ ሲጠራ ሴቶቹ ጠላውን እንዴት እንደሚያደርሱ፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት እሳቱ ሳይጠፋ ከማሳ እንዴት እንደሚሮጥ ነገረው። ጨዋታው ይህ የለውም። ልጁ ጎረቤቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ አስቦ ሲያበቃ «የለም፣ ማንም አይመጣም» አለ፤ ቅር ብሎታል።

ከዚያ ወንድሜ ተነሣና መታጠቢያ ቤት ገብቶ ማጋቩን፣ ወለል የምንጠርግበትን ባለ ረጅም እጀታ ይዞ መጣ። «ይህ ሞፈሩ ነው እንበል። እዚህ ጋ ቀንበሩ ይገባል፣ እዚህ ማረሻው፣ እርፉን እንዲህ ትይዘዋለህ። አትጫነው፤ ከተጫንከው በሬዎቹ ይደክማሉ፤ ከለቀቅከው ደግሞ ላይ ላዩን ይሄዳል።» ልጁ እርፉን ያዘ። አባት ከኋላው ቆሞ በሁለት እጁ የልጁን እጆች ያዘና በሳሎኑ ውስጥ ከቡናው ረከቦት እስከ በሩ ድረስ አረሱ። ቀኙ በሬ ቦራ፣ ግራው ወይኖ ይባሉ ነበር። ወደ ጎንደር ሲገባ የሸጣቸው እነሱን ነው። ስንት እንደተሸጡም ነገረን፤ ገዢው ሲነዳቸው ወይኖ ሁለት ጊዜ ዞሮ እንዳየው ነገረን። ይህን እኔም እህቱ ያን ማታ ነው የሰማሁት። ሚስቱም ሰምታው አታውቅም መሰለኝ፤ ስኒ እንደያዘች ቀርታ ነበር።

ስልኩ ከዚያ በኋላ በሻንጣ አልተቆለፈም። ወላጆች የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ፤ ጨዋታው ውስጥ አንዱ ቀን ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ሰውየው ሲተኛ ቀኑ ያበቃል። ስለዚህ ወንድሜ «ስልኩን አምጣ» ማለቱን ትቶ «ሁለት ቀን እረስና ወደ ራት ና» ይለዋል። ልጁ ይመጣል። ሲዘጋው ሰብሉ አይደርቅም፤ ይጠብቀዋል። አኒማል ክሮሲንግ ግን በእውነተኛው ሰዓት ስለሚሄድ «ዛሬ ካልገባሁ ያመልጠኛል» የሚል ልጅ ሊገጥማችሁ ይችላል።

ጨዋታው ሁሉ ማር ነው አላልኩም። ስታርዲው ውስጥ ዋሻ ገብቶ በሰይፍ ጭራቅ መግደልም አለ፤ መጠጥ ቤትም አለ። በስልክ ላይ ዋጋው ከአንድ ሻዋርማ ያንሳል፤ አንድ ጊዜ ከተከፈለ በኋላ ሌላ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ማስታወቂያም የለውም። እሱን የሚመስሉ፣ በነጻ የሚወርዱ ግን ሞልተዋል፤ ሰብሉ ቶሎ እንዲደርስ ገንዘብ ክፈል እያሉ ልጅን የሚያባብሉ ናቸው። የእናት የክሬዲት ካርድ በስልኩ ላይ ተመዝግቦ ከሆነ ጉዱ የሚታየው በወሩ መጨረሻ ነው። እንደዚህ የደረሰባቸውን ሁለት ቤተሰብ አውቃለሁ። ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቆ መጫወትም አለ፤ የወንድሜ ልጅም ሁለት ጊዜ ተይዟል።

ትምህርት ቤት ሄዶ ወዲያው አንደበቱ ተፈታ ብላችሁ እንዳታስቡ። ዕብራይስጡ እንደማንኛችንም ቀስ ብሎ ነው የመጣው፤ የሚስቁበትም ወራት ፈጅቶባቸዋል። ቤት ውስጥ ግን «ቆይ» ማለቱን ትቶ «አባ፣ ይዩማ» ማለት ጀመረ። አባትየውም ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ ቡናውን ይዞ ትንሽ ያይለታል። ያርመዋል። ዘሩ ተጠጋጋ፣ ውኃው በዛ፣ ጎተራው ከቤቱ ራቀ እያለ፤ ጨዋታው ባይሰማውም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ብሄድ ሁለቱ ተጣልተው አገኘኋቸው። ልጁ በጨዋታው ገንዘብ አጠራቅሞ ሁለት ላም ገዝቷል። ስም ስጣቸው ሲባል ቦራና ወይኖ አላቸው። አባቱ በዚህ ተቆጥቷል።

«ላሞች እኮ ናቸው!» ይላል ወንድሜ። «ቦራ በሬ ነበር። ቦራ ይታለባል እንዴ?»

«አባ፣ በሬ የለማ» ይላል ልጁ፣ ባልዲውን ይዞ ወደ በረቱ እየገባ።